ጉልቻ ሲለዋወጥ ምን ይለወጣል?

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» እንላለን። የምንለው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ሹም ሽር ነው። አንዱ ይነሳል፣ ሌላው ይቀመጣል፣ ኑሮው ያው ነው። ለዚያ ጉዳይ ተረቱ ልክ ነው። ስለ ማዕድ ቤት ካሰብን ግን አንድ ሰው ረስቷል። ወጡን የምትሠራዋን ሴት።

ትምህርት ሲዘጋ ክረምቱን አያቴ ዘንድ ነበር የማሳልፈው። እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ማዕድ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ውስጡን ማየት አልችልም። ጢሱ ዓይን አያስገልጥም። አያቴ ጎንበስ ብላ እፍ ትላለች። በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች። እንደገና እፍ ትላለች። «እኔ ለምጄዋለሁ» ትለኝ ነበር። ሳል ግን አይለያትም።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን የሚሆን ሰው ቤት ውስጥ በሚተነፍሰው ጢስ ሰበብ ሞቷል። ይህን ያህል ሰው የሚሞተው እንጨት፣ ኩበትና ከሰል የመሳሰለውን በየቀኑ እያነደደ ስለሚያበስል ነው። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉትን ዓመቶች፣ «በእኛ አቆጣጠር» ካላልኩ በቀር፣ በፈረንጆቹ ነው የምጽፋቸው።)

በ1990ዎቹ መጀመሪያ አገራችን ውስጥ «ምርጥ» የሚባል የእንጀራ ምድጃ ተሠራ። ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚቀረጽ ነው። አራት ጎባጣ ቁራጮች ገጥመው ክብ ይሠራሉ፤ ምጣዱ ከላይ ይቀመጣል። ከኋላ በኩል ደግሞ ጢሱ የሚወጣበት ሌላ ክፍል አለ። እሱ ላይ ድስት ይጣዳል። የሚወጣው ትኩሳት በከንቱ አይቀርም ማለት ነው። እሳቱም እንደ ሦስት ጉልቻ በየአቅጣጫው አያመልጥም። በደንብ ከተያዘ የመጋገሪያውን ማገዶ እስከ ግማሽ ይቀንሳል።

ግማሽ ማገዶ ሲባል ቀላል ይመስላል። ለመጋገሪያ እንጨት ለቀማ በሳምንት አራት ቀን የምትወጣ ልጅ ሁለት ቀን ትወጣለች ማለት ነው። ሁለቱ ቀን ለእሷ ይቀርላታል። ጀርባዋ ይተርፋል። ጢሱም ይቀንሳል። የወጡ ጣዕም ያው ነው፤ የልጅቷ ሳምንት ግን ተለውጧል።

ዲዛይን የምለው ይህንን ነው። ቃሉን ስንሰማ ብዙዎቻችን የሚታየን የልብስ ፋሽን ወይም የሕንፃ ንድፍ ነው። ነገሩ ከዚያ በጣም ይሰፋል። እጃችሁ ላይ ያለ ማንኛውም ዕቃ ክብደቱን፣ ቅርጹን፣ ቀለሙን፣ ቁልፉ የት እንደሚሆን አንድ ሰው ተቀምጦ ወስኖለታል። የወሰነው አንድ ጊዜ ነው። ውሳኔውን የምንኖርበት እኛ ግን በየቀኑ ነን።

ዕቃ አፍ የለውም እንጂ ያዝዛል። በጣም ቀላሉ ምሳሌ በር ነው። የቆመ ረጅም እጀታ ያለው በር «ሳበኝ» ይላል። ጠፍጣፋ ብረት ብቻ የተለጠፈበት «ግፋኝ» ይላል። ማንም አላስተማረንም፣ እጃችን ራሱ ያነበዋል። ችግሩ የሚመጣው የሚገፋ በር ላይ የመሳቢያ እጀታ ሲገጠም ነው። ያኔ «ግፋ» የሚል ወረቀት ይለጠፋል። በር መመሪያ ካስፈለገው፣ በሩን የሠራው ሰው ሥራውን አልጨረሰም።

አንድ ቀን ጉዳይ ለማስፈጸም አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ነበር። ከፊቴ አንድ ሽማግሌ የመስታወቱን በር ይገፋሉ። አይከፈትም። ጥበቃው ከሩቅ ጮኸ፦ «አባባ፣ ይሳቡት እንጂ! ተጽፏል እኮ!» ሽማግሌው ደነገጡ። «ይቅርታ ልጄ፣ ዓይኔ ደከም ብሏል» አሉ። ከኋላቸው የነበርነውም ዓይናችን ደህና ሆኖ ስንወጣ በዚያው በር ተሳስተናል። ይቅርታ የጠየቁት ግን እሳቸው ናቸው። ይህ ነገር እስካሁን ይከነክነኛል። ዕቃው ያጠፋል፣ ሰው ያፍራል።

በር ላይ ሲሆን እፍረት ነው። ሌላ ቦታ ሲሆን ነፍስ ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ጦር ቢ-17 በሚባሉት ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖቹ ላይ ግራ የገባው ነገር ነበር። አብራሪዎች በሰላም ካረፉ በኋላ፣ ገና ሜዳው ላይ እየተንከባለሉ ሳሉ፣ ጎማውን ያጥፉታል። አውሮፕላኑ በሆዱ ይቀመጣል። ሪፖርቱ ላይ የሚጻፈው «የአብራሪ ስህተት» ነው። አልፎንስ ቻፓኒስ የሚባል የሥነ ልቦና ባለሙያ ግን አብራሪዎቹን ትቶ መቀመጫቸውን አየ። የጎማው ማጠፊያና የፍላፑ (ሲያርፉ ከክንፉ ጀርባ ወደ ታች የሚዘረጋው ሰሌዳ) ማጠፊያ ጎን ለጎን ናቸው። ሲዳሰሱም አንድ ዓይነት ናቸው። ቀኑን ሲተኮስበት የዋለ ሰው፣ ፍላፑን አጥፋለሁ ብሎ ጎማውን ቢያጥፍ ምን ይገርማል?

መፍትሔው የሳንቲም ያህል ርካሽ ነበር። የጎማው ማጠፊያ ጫፍ ላይ ትንሽ የጎማ ቅርጽ፣ የፍላፑ ላይ የሽብልቅ ቅርጽ ተደረገ። ከዚያ በኋላ እጅ ራሱ ያውቀዋል፤ ማየት አያስፈልግም። ዛሬም ቦሌ የሚያርፉት ትልልቅ የመንገደኛ አውሮፕላኖች ኮክፒት ውስጥ የጎማው ማጠፊያ ጫፍ ጎማ ይመስላል።

ይህን ትምህርት ዓለም ከተማረው ብዙ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። ግን ደግሞ መጋቢት 1 ቀን 2011 በእኛ አቆጣጠር፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ከቦሌ ተነስቶ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ወደቀ። 157 ሰው አለቀ። አምስት ወር ሳይሞላ ቀደም ብሎ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ያው ዓይነት አውሮፕላን፣ ቦይንግ 737 ማክስ፣ 189 ሰው ይዞ ባሕር ውስጥ ገብቶ ነበር።

የሆነውን በቀላሉ ላስረዳ። አውሮፕላኑ ውስጥ ኤምካስ የሚባል ሶፍትዌር ነበር። የአውሮፕላኑ አፍንጫ ከልክ በላይ ቀና ካለ ሶፍትዌሩ ራሱ ወደ ታች ይጫነዋል። አፍንጫው ቀና ማለቱን የሚያውቀው ከአንድ ሴንሰር፣ ማለትም ከአንድ መለኪያ መሣሪያ ነው። አውሮፕላኑ ሁለት ሴንሰር አለው፤ ኤምካስ የሚሰማው ግን አንዱን ብቻ ነው። ያ አንዱ ሲበላሽ፣ በትክክል የሚበርን አውሮፕላን ሶፍትዌሩ ወደ መሬት መጫን ጀመረ። አብራሪው ያቀናል፣ ኤምካስ ደግሞ ይጫናል። አብራሪዎች እንዲህ ያለ ሶፍትዌር መኖሩን እንኳን ከኢንዶኔዥያው አደጋ በፊት አልተነገራቸውም ነበር።

ምርመራው ሳያልቅ ውጭ አገር ጣታቸውን ወደ አብራሪዎቹ የቀሰሩ ነበሩ። የመጀመሪያው ሪፖርት ሲወጣ የትራንስፖርት ሚኒስትራችን አብራሪዎቹ አምራቹ የሰጠውን መመሪያ ደጋግመው እንደተከተሉ፣ ሆኖም አውሮፕላኑን መቆጣጠር እንዳልቻሉ ተናገሩ። ያንን ቀን አልረሳውም። ከቢ-17 ጀምሮ ያለው ታሪክ እንደገና ሲደገም ነው ያየሁት። መጀመሪያ ሰውዬው ይወቀሳል፣ ቀጥሎ መቀመጫው ይታያል።

የተደረገው ጥገና ራሱ ብዙ ይናገራል። አሁን ኤምካስ ሁለቱንም ሴንሰሮች ያነጻጽራል። ሁለቱ ካልተስማሙ አይነካም። ቢነካም አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የአብራሪውን እጅ አያሸንፍም። እነዚህ ሁሉ የዲዛይን ውሳኔዎች ናቸው። ከ346 ሰው በፊት ሊወሰኑ ይችሉ ነበር።

አሁን ወደ ሰላሙ ልመለስ። ወደ ቡና።

ጀበናን እንደ ዕቃ ተመልክታችሁት ታውቃላችሁ? ሆዱ ክብ ነው፣ ራሱን ችሎ አይቆምም። ማቶት ይፈልጋል። አንገቱ ጠባብ ነው። አተላውን አጥቦ ሌላ ቡና መጨመር ይከብዳል፤ ውሃ ጨምሮ መልሶ ማፍላት ግን ይቀላል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ከዚህ ጋር የተያያዙ ይመስለኛል። ጀበናው ከወረደ በኋላም አተላው እስኪዘቅጥ መጠበቅ ግድ ነው። ሲኒው ትንሽ ነው፣ ጆሮ የለውም። ትኩስ ሲሆን በጣት ጫፍ ይዞ ፉት ፉት ከማለት ሌላ አማራጭ የለም። (ሲኒ የሚለው ቃል ከዓረብኛ የመጣ ነው፤ «የቻይና» ማለት ነው። ስኒው የት እንደተጓዘ ስሙ ላይ ቀርቷል።) ረከቦቱ ዝቅ ያለ ነው፣ ስለዚህ የምታፈላዋ በርጩማ ላይ ትቀመጣለች። እሷ ዝቅ ስትል እንግዳውም ዝቅ ይላል።

እነዚህን ዕቃዎች ደምሩና እዩአቸው። ሁሉም አንድ ነገር ነው የሚሉት፦ ቁጭ በሉ፣ ጠብቁ፣ አውሩ። ጎረቤት ከጎረቤት የሚታረቀው፣ የታመመ የሚጠየቀው፣ የሰፈሩ ወሬ የሚዳረሰው በዚያ መጠበቅ ውስጥ ነው።

እዚያው ቡና ሌላ ዕቃ ውስጥ ሲገባ ሌላ ጠባይ ያመጣል። ፒያሳ ያለው ቶሞካ የተከፈተው በ1953 ነው። የጣሊያን ማሽን፣ ግፊት፣ ጥቂት ሰከንድ። ማኪያቶ በቁሙ ተጠጥቶ ወደ ሥራ ይሮጣል። ያንንም እወደዋለሁ። አንድ ሰው ጠዋት ፒያሳ አምስት ደቂቃ ቆሞ ይጠጣል፣ እሁድ እናቱ ቤት ሁለት ሰዓት ይቀመጣል። ሰውዬው አልተለወጠም። የጨበጠው ዕቃ ነው የተለወጠው።

ስለ ቡናው ይህን ያህል ያወራሁት ስለ ስልክ ለማውራት ነው። በ2006 አዛ ራስኪን የሚባል አሜሪካዊ ዲዛይነር መጨረሻ የሌለው ገጽ ሠራ። ቀድሞ አንድ ገጽ ሲያልቅ «ቀጣይ» የሚል መጫን ነበረብን። ራስኪን ይህን አስቀረው። ጣት ወደ ላይ በገፋን ቁጥር አዲስ ነገር ራሱ ይመጣል። ያሰበው ሰውን ከመጫን ለማሳረፍ ነበር። ዛሬ ፌስቡክም፣ ቲክቶክም፣ ሌላውም በዚህ ይሠራል። ራስኪን ራሱ በኋላ በአደባባይ ተጸጽቷል።

ለምን ይህን ያህል ይጎዳል? «ቀጣይ» የሚለው ቁልፍ ሥራ አስፈቺ ቢመስልም ሰውን የሚያነቃ ነበር። እዚያ ስንደርስ ለአንድ አፍታ «ልቀጥል? ይበቃኛል?» ብለን እንጠይቃለን። ጥያቄው ሲጠፋ መልሱም ጠፋ። በዚያ ላይ የሚመጣው ነገር አንዴ ያስቃል፣ አሥር ጊዜ ባዶ ይሆናል፣ ከዚያ እንደገና ያስቃል። መቼ እንደሚመጣ አለማወቃችን ነው የሚያስረን። ሎተሪ ፋቂው ሌላ አንድ ቲኬት የሚጨምረው በዚያው ምክንያት ነው።

ቡና በረካ አለው። ሦስተኛው ሲጠጣ ተመርቆ ይነሳል፣ ማንም አይቀየምም። ስልኩ በረካ የለውም። ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ዓይናችን እየተዘጋ የምንገፋው ፈቃዳችን ደካማ ስለሆነ ብቻ ይመስለናል። ማብቂያውን አስቦበት ያወጣው ሰው እንዳለ ማወቅ ግን ነገሩን ይለውጠዋል። እኔ ስልኬ ላይ የ30 ደቂቃ ገደብ አድርጌያለሁ፣ በራሱ የሚቀጥለውን ቪዲዮም አጥፍቼዋለሁ። ገደቡ ሲደርስ ልጄ «በረካ!» ትለኛለች። ሁልጊዜ አይሳካልኝም። ቢያንስ ግን ጥያቄው ተመልሶ መጥቷል።

ስለ ውበት ሳላወራ ብቀር ቅር ይለኛል። «ዕቃ ከሠራ መቼ አነሰው፣ ውበት ትርፍ ነው» የሚል ሰው አለ። አልስማማም። ለዚህ ደግሞ ምስክር አለኝ።

በ1995 ኩሮሱና ካሺሙራ የሚባሉ ሁለት ጃፓናውያን ተመራማሪዎች 26 ዓይነት የኤቲኤም ገጽ አዘጋጁ። ሥራቸው ሁሉም አንድ ነው። የሚለያዩት በቁልፎቹ አቀማመጥ ነው። ሰዎች ያማሩትን ገጾች «ለአጠቃቀም ይቀላሉ» ብለው መረጡ። ከዚያ እስራኤል ውስጥ ኖአም ትራክቲንስኪ የሚባል ተመራማሪ ይህን ሰማ። «ጃፓኖች ለውበት የተለየ ስሜት ስላላቸው ነው፤ እዚህ አገር አይሠራም» ብሎ ጠረጠረ። ሙከራውን እስራኤላውያን ላይ ደገመው። ውጤቱ እንደገመተው አልሆነም፤ ዝምድናው እንዲያውም ከጃፓኑ ጠንክሮ ወጣ።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሰዎቹ «ይቀላል» አሉ እንጂ በእርግጥ መቅለሉ አልተለካም። ውበት ጉድለትን ሊሸፍን ይችላል። ያማረ ስልክ ገዝተን ባትሪው ግማሽ ቀን ሲሆን «ምንም አይደል» የምንለው ለዚህ ነው። ግን ሌላም ነገር አለ። ደስ የሚል ዕቃ የያዘ ሰው ትዕግሥት ይኖረዋል። ቢያስቸግረውም በሌላ መንገድ ይሞክራል። የሚያስጠላውን ዕቃ ግን በመጀመሪያው እንከን ይረግመዋል።

ይህን እናቶቻችን ያውቁታል። መሶብ ለእንጀራ መያዣነት ከሆነ ያለ ቀለም ይበቃ ነበር። እነሱ ግን ስንደዶውንና አክርማውን ቀለም ነክረው፣ ለወራት ተቀምጠው ሰፉት። መስመሩ እንዳይዛባ እየቆጠሩ። ውጤቱን ተመልከቱ። ያማረ መሶብ በእግር አይገፋም። ዝናብ አይመታውም። ሲያረጅ ይጠገናል እንጂ አይጣልም። ፕላስቲኩ ሳፋ ሦስት ጊዜ ሲለወጥ እሱ ቆሞ ይጠብቃል። ውበቱ ዕድሜ ሆኖለታል።

ለሌላ ሰው የተሠራ ዕቃ ስንወስድ ደግሞ የሌላውን ሰው ውሳኔ አብረን እንወስዳለን። ጀሪካንን እንዲህ ብዬ አስቤው አላውቅም ነበር። ጀርመኖች በ1937 ለጦራቸው ነዳጅ ማመላለሻ የሠሩት ነው። 20 ሊትር ይይዛል። ሦስት እጀታ ነበረው፤ መካከለኛውን አንድ ሰው ይይዛል፣ የዳሩን ሁለቱን ሁለት ሰው ይካፈላል። «ጀሪ» እንግሊዞች ለጀርመኖች ያወጡት ቅጽል ስም ነው። እኛ ሰፈር የደረሰው ግን ቢጫው የዘይት ፕላስቲክ ነው። እጀታው አንድ ነው። ከሱቅ እስከ ቤት ዘይት ለመያዝ እንጂ ከምንጭ እስከ ቤት ውሃ ለማዘል አልተሠራም። ከእንስራ ይቀላል፣ አይሰበርም፣ ስለዚህ ወደድነው። ገመዱን ግን ያሰረችው ልጅቷ ራሷ ናት፣ ጀርባዋ ላይ የሚከረክራትን ጠርዝ ያሰበበት ሰው የለም።

አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ክቡን የኤሌክትሪክ ምጣድ ታውቁታላችሁ። የተሠራው ኖርዌጂያኖች ሌፍሰ ለሚሉት ስስ የድንች ቂጣ ነው። ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን አዩት፣ ይሆነናል አሉ፣ እንጀራ ጋገሩበት። ስፋቱ 16 ኢንች ነው፣ 40 ሳንቲ ሜትር ገደማ። የአገር ቤቱ ምጣድ ወደ 60 ይጠጋል። ሲሰላ የእዚያኛው እንጀራ ከእዚህኛው ግማሽ አይሞላም። እህቴ እዚያ ስትኖር «ትሪው ላይ ሁለት ሰው ሲቆርስ ያልቃል፤ ለየብቻ በሳህን መብላት ጀመርን» አለችኝ። ገበታ አብሮ መቁረስን ማንም አልከለከላቸውም። የምጣዱ ስፋት ነው።

ወደ አያቴ ማዕድ ቤት ልመለስ፣ ያላለቀ ነገር አለኝ።

የተሻሻሉ ምድጃዎች በብዙ አገር ተከፋፍለው ጥግ ላይ ተቀምጠው ቀርተዋል። ሴቶቹ ወደ ሦስት ጉልቻ ተመልሰዋል። ከውጭ ሲታይ «ለውጥ አይወዱም» ያሰኛል። እንደ በሩ ሽማግሌ ማለት ነው። ጠጋ ብሎ ላየ ግን ጉልቻው የሚሠራው ሥራ ብዙ ነው። መብራት በሌለበት ቤት እሳቱ ብርሃን ነው። ደጋ ላይ ማታ ሙቀት ነው። ጢሱ የሳር ክዳኑን ከምስጥና ከነፍሳት ይጠብቃል። ትንሹም ትልቁም ድስት ይቀመጥበታል፤ ድንጋዩን ፈቀቅ ማድረግ ነው። ተዘግቶ የተሠራው ምድጃ አንዱን ሥራ በጣም አሻሽሎ የቀሩትን ወሰደባቸው። ማገዶን የለካ ሰው ጨለማውን አልለካም።

አሁን እናቴ ቤት የኤሌክትሪክ ምጣድ አለ። ጢስ የለም፣ እፍ ማለት የለም፣ ቆማ ትጋግራለች። መብራት ሲጠፋ ግን ሊጡ ቦክቶ ያድራል፣ እንጀራውም ይኮመጥጣል። አንድ ጊዜ ጓሮ ስናጸዳ ሦስቱን ድንጋይ አንስቼ ልጥል ነበር። «ተዋቸው» አለችኝ። «ባለፈው ሐሙስ በምን የጋገርኩ ይመስልሃል?»